ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ቴክኖሎጂ፦ ከቶሮንቶ ቤተ ሙከራ እስከ ተማሪው ጠረጴዛ

አንድ ተማሪ ያወቀውን ለመምህሩ የሚያሳየው በአብዛኛው በጽሑፍ ነው። ፈተናው፣ የቤት ሥራው፣ ድርሰቱ ሁሉ በእጅ ያልፋል። እጁ እርሳስ ለመጨበጥ የማይታዘዝለት ወይም ፊደላትን በቅደም ተከተል ለማስቀመጥ የሚቸገር ተማሪ ታሪኩን ወይም ሳይንሱን ጠንቅቆ ቢያውቅም ወረቀቱ ላይ የሚታየው ግማሽ ገጽ የማይሞላ ጽሑፍ ይሆናል። ውጤቱም የሚሰጠው ለዚያ ግማሽ ገጽ ነው። የሰውን ንግግር አድምጦ ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው፣ በእንግሊዝኛ አጠራሩ «ስፒች ሪኮግኒሽን» የሚባለው ቴክኖሎጂ ይህን መሰናክል ለማቃለል ከዋሉ መሣሪያዎች አንዱ ነው።

ቶሮንቶ በዚህ ቴክኖሎጂ ታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ አላት። ዛሬ በየስልኩ የሚገኘውን የድምፅ መጻፊያ የሚቻል ካደረጉት ግኝቶች አንዱ የተገኘው በከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ነው። በከተማዋ የሕፃናት ማገገሚያ ሆስፒታል ደግሞ ቴክኖሎጂው ለተማሪዎች እንዲስማማ ተደርጎ ተሠርቷል። ከሁሉ ይልቅ ግን ቶሮንቶን ተጠቃሽ የሚያደርጋት በእነዚሁ ሁለት ተቋማት ትብብር የተነሣ አንድ ጥያቄ ነው፦ መሣሪያው የሚያስፈልገው ሰው መሣሪያው ሊሰማው የማይችለው ሰው ሲሆን ምን ይደረጋል? (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከምልክት ሰሌዳ ወደ ድምፅ

ዛሬ «ሆላንድ ብሎርቪው» በሚል ስም የሚታወቀው የቶሮንቶ የሕፃናት ማገገሚያ ሆስፒታል የተመሠረተው በ1899 ነው። በጊዜው የተሰጠው ስም «የማይድኑ ሕፃናት መኖሪያ» የሚል ነበር። ስሙ ብቻውን የዘመኑን አመለካከት ይናገራል፤ ሕፃናቱ ይጠለላሉ፣ ይጠበቃሉ እንጂ ይማራሉ ተብሎ ብዙም አይታሰብም ነበር።

በ1971 በኋላ ከዚህ ሆስፒታል ጋር በተዋሐደ ሌላ የቶሮንቶ የአካል ጉዳተኛ ሕፃናት ማዕከል ውስጥ ሸርሊ ማክኖተን የተባሉ መምህርትና የሥራ ባልደረቦቻቸው ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸውን ልጆች ያስተምሩ ነበር። ሴሬብራል ፓልሲ ከመወለድ በፊት፣ በወሊድ ጊዜ ወይም በጨቅላነት በአንጎል ላይ በሚደርስ ጉዳት ምክንያት የእንቅስቃሴና የጡንቻ ቁጥጥር የሚታወክበት ሁኔታ ነው። ልጆቹ የሚባለውን ይረዳሉ፤ ግን አጥርተው መናገርም፣ በእጃቸው መጻፍም አይችሉም ነበር። መምህርቷ ለእነዚህ ልጆች መፍትሔ ሲፈልጉ ያገኙት ቻርልስ ብሊስ የተባሉ ስደተኛ መሐንዲስ የፈለሰፉትን የምልክት ጽሕፈት ነው። ብሊስ ጽሕፈቱን ያዘጋጁት ቋንቋቸው የተለያየ ሕዝቦች እንዲግባቡበት ነበር። የቶሮንቶዎቹ ልጆች ግን ሰሌዳ ላይ የተደረደሩትን ምልክቶች በጣታቸው ወይም በዐይናቸው እየጠቆሙ ዐረፍተ ነገር መሥራት ጀመሩ። ዘዴው ከቶሮንቶ ተነሥቶ ወደ ሌሎች አገሮች ተዛመተ።

ኮምፒውተር ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ የሆስፒታሉ መሐንዲሶች ሥራ ተከትሎት ሄደ። በፍሬዘር ሼይን የሚመራው ቡድን «ወርድኪው» የተባለውን ፕሮግራም ሠራ። ተማሪው የቃሉን የመጀመሪያ ፊደላት ሲጽፍ ፕሮግራሙ ሊሆኑ የሚችሉትን ቃላት ደርድሮ ያቀርባል፤ የተመረጠውን ቃልና የተጻፈውን ዐረፍተ ነገርም ጮክ ብሎ ያነብባል። ከዚያ በኋላ የመጣው «ስፒክኪው» በዚህ ላይ ንግግርን የመቀበል ችሎታ ጨመረበት። ተማሪው የሚችለውን ቃል በእጁ ይጽፋል፣ የከበደውን ይናገራል፤ ሁለቱን እያፈራረቀ ይሄዳል።

የስፒክኪው ጥቅም የሚታየው በጊዜው ከነበሩት ፕሮግራሞች ጋር ሲነጻጸር ነው። በ1990 ለገበያ የቀረበው «ድራገንዲክቴት» ዋጋው 9,000 የአሜሪካ ዶላር ሲሆን፣ ተጠቃሚው በእያንዳንዱ ቃል መካከል ቆም ማለት ነበረበት። በ1997 የወጣው ተተኪው ሰው እንደሚናገረው ሳያቋርጥ የሚነገረውን መቀበል ቻለ፤ ነገር ግን የተጠቃሚውን ድምፅ እንዲለምድ በመጀመሪያ ስክሪኑ ላይ የሚወጣ ረጅም ጽሑፍ ጮክ ተብሎ ሊነበብለት ይገባ ነበር። ማንበብ ስለከበደው መሣሪያው የታዘዘለት ልጅ መሣሪያውን ለመጠቀም ማንበብ ተጠየቀ ማለት ነው። ስፒክኪው ይህን ያቃለለው የመለማመጃውን ሐረግ ራሱ አንብቦ በማሰማት ነው፤ ልጁ የሰማውን ይደግማል። ቀላል ለውጥ ይመስላል። ልጆቹን በቅርብ የማያውቅ መሐንዲስ ግን ባላሰበው ነበር።

ለማን ይጠቅማል?

ቴክኖሎጂው በብዛት የሚጠቅማቸው ዲስሌክሲያ እና ዲስግራፊያ ያለባቸው ተማሪዎች ናቸው። የመጀመሪያው ቃላትን አጥርቶ የማንበብና ሆሄያትን በትክክል የመጻፍ ችግር ሲሆን ሁለተኛው የእጅ ጽሕፈት ችግር ነው፤ ሁለቱም ከማሰብ ችሎታ ማነስ ጋር ግንኙነት የላቸውም። እነዚህ ተማሪዎች ሲጽፉ ትኩረታቸው በሙሉ በሆሄው ላይ ስለሚውል የሚጠቀሙት ቀላል ቃላትን ብቻ ይሆናል፤ መጻፍ የማይችሉትን ቃል ይሸሹታል። ሲናገሩ ግን አንደበታቸው የሚያውቀውን ቃል ሁሉ ይጠቀማሉ፤ ጽሑፉም ይረዝማል፣ ይበስላል። የእጅ ወይም የክንድ ጉዳት ያለባቸው፣ የጡንቻ መድከም ያለባቸው ወይም ለረጅም ሰዓት መጻፍ የማይችሉ ተማሪዎችም የመሣሪያው ቀጥተኛ ተጠቃሚዎች ናቸው።

ለዐይነ ስውራን ተማሪዎች ግን ብዙ ሰው እንደሚገምተው ዋነኛ መሣሪያ አይደለም። አብዛኞቹ የመተየቢያ ቁልፎችን ሳያዩ በጣታቸው መጻፍ ይለምዳሉ፤ ከድምፅ መጻፊያ ይልቅ የሚያስፈልጋቸው ስክሪኑ ላይ ያለውን የሚያነብብላቸው ፕሮግራምና ብሬይል ነው።

በቃል ማስጻፍ ራሱን የቻለ ችሎታ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ተማሪው ዐረፍተ ነገሩን ከመናገሩ በፊት በአእምሮው ማዋቀር፣ ሥርዓተ ነጥቡን ሳይቀር መናገር ይኖርበታል። ሠላሳ ልጆች ባሉበት ክፍል ውስጥ ጫጫታው መሣሪያውን ያሳስተዋል፤ ተማሪውም ሐሳቡን ጓደኞቹ እየሰሙት መናገር ያሳፍረዋል። ስለዚህ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ጥሩ ማይክሮፎንና የልምምድ ጊዜ ካልተሰጠ ኮምፒውተሩ ከሻንጣ ሳይወጣ ዓመቱ ሊያልቅ ይችላል።

ከዚህ የሚከፋው ግን የስሕተቱ ዓይነት ነው። በእጁ የሚጽፍ ተማሪ ሲሳሳት ሆሄው ይበላሻል፤ የሆሄ ማረሚያውም ከሥሩ ቀይ መስመር ያሰምርበታል። ድምፅ የሚቀበለው መሣሪያ ሲሳሳት ግን የሚጽፈው ሆሄው ፍጹም ትክክል የሆነ ሌላ ቃል ነው። ቀይ መስመር የለም። የማንበብ ችግር ያለበት ተማሪ ይህን ስሕተት በዐይኑ ፈልጎ ማግኘት እጅግ ይከብደዋል። ባለሙያዎች ድምፅን የሚጽፈው ፕሮግራም ጽሑፍን ከሚያነብበው ፕሮግራም ጋር ተጣምሮ ካልተሰጠ ሥራው ግማሽ ነው የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ተማሪው የጻፈውን ሲሰማ ስሕተቱን በጆሮው ያገኘዋል።

መስማት ለተሳናቸው ተማሪዎች ቴክኖሎጂው በተቃራኒው አቅጣጫ ይሠራል፤ የሚጻፈው የተማሪው ሳይሆን የመምህሩ ንግግር ነው። በዚህ ረገድ ካናዳ ቀደምት ናት። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሃሊፋክስ በሚገኘው ሴይንት ሜሪስ ዩኒቨርሲቲ «ሊበሬትድ ለርኒንግ» የተባለ ፕሮጀክት ተጀምሮ፣ መምህሩ ሲያስተምር ንግግሩ ወዲያው በጽሑፍ ስክሪን ላይ እንዲታይና ከክፍል በኋላም ለተማሪዎች ማስታወሻ እንዲሆን ተሞክሯል። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በበኩላቸው በ2006 ባቀረቡት ጥናት እንዲህ ያለው ጽሑፍ ምን ያህል ስሕተት ቢኖረው አሁንም ይጠቅማል የሚለውን መርምረዋል። በኢንተርኔት የተቀረጸ የትምህርት ገለጻ በተከታተሉ ተማሪዎች ላይ እንደታየው፣ ከአራት ቃላት አንዱ ወይም ከዚያ ያነሰው የተሳሳተበት ጽሑፍ ተቀባይነት ሊኖረው ይችላል።

ይህ ውጤት በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል። ድምፁን እየሰማ ጽሑፉን ለእገዛ የሚያይ ተማሪ ከአራት አንድ ቃል ቢሳሳት ከዐውዱ ይደርስበታል። ጽሑፉ ብቻ ያለው ተማሪ ግን «ይቻላል» በሚለው ፋንታ «አይቻልም» ተጽፎ ቢያገኝ የሚያመሳክርበት ነገር የለውም። በሰው የሚሠራው የቀጥታ ጽሑፍና የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ዛሬም ያልተተኩት ስለዚህ ነው።

የዩኒቨርሲቲው ግኝት

እስከ 2000ዎቹ መጨረሻ ድረስ ንግግርን የሚቀበሉ ፕሮግራሞች እድገታቸው አዝጋሚ ነበር። የሰው ድምፅ እጅግ አጫጭር ወደሆኑ ቁርጥራጮች ይከፋፈላል፤ ፕሮግራሙም እያንዳንዱ ቁራጭ የትኛው የንግግር ድምፅ እንደሆነ በስታትስቲክስ ይገምታል። የግምቱ ዘዴ ለዓመታት ያው ነበር።

በ2009 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የፕሮፌሰር ጄፍሪ ሂንተን ተማሪዎች የነበሩት ጆርጅ ዳል እና አብደልራህማን ሞሐመድ ይህን ግምት ብዙ ንብርብር ባለው ሰው ሠራሽ የነርቭ መረብ መሥራት እንደሚቻል አሳዩ። ውጤቱ ከነባሩ ዘዴ የተሻለ ነበር። የሂንተን ተማሪዎች ለልምምድ ወደ ማይክሮሶፍት፣ ወደ አይቢኤም እና ወደ ጉግል ሲሄዱ ዘዴውን ይዘውት ሄዱ። በ2012 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲና የሦስቱ ኩባንያዎች ተመራማሪዎች ውጤታቸውን በጋራ አሳተሙ፤ በዚያው ዓመት ጉግል ዘዴውን በአንድሮይድ ስልኮች ላይ አዋለው። ሂንተን በሰው ሠራሽ የነርቭ መረቦች ላይ ለሠሩት መሠረታዊ ሥራ በ2024 ከጆን ሆፕፊልድ ጋር የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ለተማሪዎች የመጣው ለውጥ ዋጋ ብቻ አልነበረም። ቀድሞ ልዩ ፕሮግራም የተጫነበት ልዩ ኮምፒውተር ያስፈልግ የነበረበት ሥራ ከ2015 ጀምሮ ጉግል ዶክስ ላይ በነጻ መሥራት ተቻለ፤ በስልክና በሌሎች ኮምፒውተሮችም እንዲሁ። ልዩ መሣሪያ ይዞ መታየት የሚያሳፍረው ታዳጊ አሁን የሚጠቀመው ጓደኛው መልእክት ለመላክ የሚጠቀምበትን ያንኑ ማይክሮፎን ነው።

መሣሪያው የማይሰማቸው

የነርቭ መረብ የሚማረው ከሰጡት ምሳሌ ነው። የተሰጠው ምሳሌ አጥርተው በሚናገሩ ሰዎች ድምፅ የተሞላ ከሆነ የሚያውቀው የእነርሱን ንግግር ነው። ዲስአርትሪያ ያለበት ሰው፣ ማለትም የምላሱ፣ የከንፈሩ፣ የመንጋጋው ወይም የትንፋሹ ጡንቻዎች በሚገባ ስለማይታዘዙ ንግግሩ የሚጎተት ወይም የሚድበሰበስ ሰው ሲናገር ፕሮግራሙ ግራ ይጋባል። ሴሬብራል ፓልሲ እጅንም ምላስንም ሊይዝ ይችላል። እጁ ስለማይጽፍ ድምፁን መጠቀም የሚፈልገው ተማሪ በድምፁም ሳይሰማ ይቀራል።

የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስና የንግግር ሕክምና ክፍሎች ከሆላንድ ብሎርቪው ሆስፒታል ጋር ሆነው «ቶርጎ» የተባለውን የድምፅ ስብስብ ያዘጋጁት ለዚህ ነው። በፍራንክ ሩድዚችና በባልደረቦቻቸው የተዘጋጀውና በ2012 በጥናት መጽሔት የታተመው ይህ ስብስብ በሴሬብራል ፓልሲ ወይም ኤኤልኤስ በሚባለው የነርቭ በሽታ ምክንያት ዲስአርትሪያ ያለባቸውን የ8 ሰዎች ንግግር ይዟል፤ ለማነጻጸሪያም የዚህ ችግር የሌለባቸው የ7 ሰዎች ድምፅ ተቀርጿል። ተናጋሪዎቹ ነጠላ ቃላትንና ዐረፍተ ነገሮችን ሲናገሩ ድምፃቸው ብቻ ሳይሆን በምላሳቸውና በከንፈራቸው ላይ በተለጠፉ ጥቃቅን መለኪያዎች አማካይነት የአፋቸው እንቅስቃሴ ጭምር ተመዝግቧል። ዓላማው ፕሮግራሙ የተዛባውን ድምፅ ከመስማት አልፎ ድምፁ ለምን እንደተዛባ እንዲያውቅ ማድረግ ነበር።

15 ሰዎች ጥቂት ናቸው። ቢሆንም ስብስቡ ለተመራማሪዎች በነጻ በመለቀቁ በዓለም ዙሪያ በዚህ ጉዳይ የሚሠሩ ቡድኖች እስከ ዛሬ አዳዲስ ዘዴዎቻቸውን የሚፈትኑበት መለኪያ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ወደ መስኩ ገብተዋል። ጉግል በ2019 «ፕሮጀክት ዩፎንያ» የተባለውን ሥራ ይፋ አድርጎ ከአንድ ሺህ በላይ ከሆኑ ሰዎች ከ1,000 ሰዓታት የበለጠ ድምፅ ሰብስቧል። በ2022 ደግሞ በአሜሪካው ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ መሪነት አማዞን፣ አፕል፣ ጉግል፣ ሜታ እና ማይክሮሶፍት የሚደግፉት ተመሳሳይ የድምፅ ማሰባሰብ ሥራ ተጀመረ። ከዩፎንያ የወጣውና በካናዳም ለሙከራ የቀረበው የስልክ ፕሮግራም ተጠቃሚው 500 ሐረጎችን እንዲቀርጽ ጠይቆ ራሱን ከዚያ ሰው ድምፅ ጋር ያስማማል። ሲናገር ለሚደክም ሰው 500 ሐረግ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ብዙዎች ከፋፍለው በበርካታ ቀናት ይጨርሱታል።

ያለመሰማቱ ችግር የጡንቻ ጉዳት ላለባቸው ብቻ የተወሰነ አይደለም። በ2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት የአማዞን፣ የአፕል፣ የጉግል፣ የአይቢኤም እና የማይክሮሶፍት ፕሮግራሞች ከነጮች ንግግር በአማካይ 19 በመቶ፣ ከጥቁር አሜሪካውያን ንግግር ደግሞ 35 በመቶ የሚሆነውን ቃል እንደሚሳሳቱ አሳይቷል። ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት እንግሊዝኛ ነው። ከቶሮንቶ ነዋሪዎች ግማሽ ያህሉ የተወለዱት ከካናዳ ውጭ በመሆኑ ጉዳዩ ከተማዋን በቀጥታ ይነካል። ዲስሌክሲያ ያለበትና እንግሊዝኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የሚናገር ተማሪ ሁለት መሰናክል አለበት። ስለ ዐድዋ ጦርነት በእንግሊዝኛ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ልጅ የቦታውንና የሰዎቹን ስም መሣሪያው ወደ ማይዛመድ ቃል ሲቀይርበት ያገኘዋል። ስሞችን አስቀድሞ ወደ መሣሪያው መዝገበ ቃላት ማስገባት የሚያስችሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ ነጻዎቹ ሁሉ ግን ይህን አይፈቅዱም።

ወላጆች ማወቅ ያለባቸው

ኦንታሪዮ ውስጥ መሣሪያው እንደ ችሮታ የሚሰጥ አይደለም። የካናዳ የመብቶችና ነጻነቶች ቻርተር 15ኛ አንቀጽ የአእምሮና የአካል ጉዳትን ጠቅሶ አድልዎን ይከለክላል፤ የኦንታሪዮ የሰብአዊ መብቶች ሕግም ትምህርት ቤቶች ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች አስፈላጊውን ማመቻቸት እንዲያደርጉ ያስገድዳል። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 ዲስሌክሲያ ያለበት የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ተማሪን ጉዳይ ሲወስን፣ ተማሪው በቂ የልዩ ትምህርት ድጋፍ አለማግኘቱ አድልዎ ነው ብሏል።

መንገዱ የሚጀምረው ከትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ነው። ወላጅ ልጁ በልዩ ትምህርት ኮሚቴ፣ በምሕጻሩ አይ.ፒ.አር.ሲ በሚባለው፣ እንዲታይለት በጽሑፍ የመጠየቅ መብት አለው፤ ጥያቄው በጽሑፍ ሲቀርብ ርእሰ መምህሩ አልቀበልም ማለት አይችልም። በ15 ቀናት ውስጥ ለወላጅ መመሪያውንና ስብሰባው መቼ ሊደረግ እንደሚችል የሚገልጽ ጽሑፍ መስጠት አለበት። ወላጅ በስብሰባው ላይ የመገኘት፣ የሚረዳው ሰው ይዞ የመምጣት፣ በውሳኔው ካልተስማማም ይግባኝ የማለት መብት አለው። የይግባኙ ጊዜ ውሳኔው በደረሰው በ30 ቀናት ውስጥ ነው። ብዙ ወላጅ ይህን የጊዜ ገደብ ሳያውቅ ያልፈዋል።

ቀጥሎ የሚዘጋጀው የተማሪው የግል የትምህርት ዕቅድ፣ በምሕጻሩ አይ.ኢ.ፒ ነው። የድምፅ መጻፊያው፣ ጸጥ ያለው ክፍልና ተጨማሪው የፈተና ጊዜ በስም ተጠቅሰው መጻፍ ያለባቸው እዚህ ላይ ነው። ይህ ዝርዝር ጉዳይ ቢመስልም ውጤቱ ትልቅ ነው፤ በክፍለ ግዛቱ አቀፍ ፈተናዎች ላይ ተማሪው እንዲጠቀም የሚፈቀድለት በዕቅዱ ላይ የሰፈረውንና በክፍልም የለመደውን ነው። መምህሩ በቃል የፈቀደው አይቆጠርም።

ለመሣሪያው ግዢ ክፍለ ግዛቱ ለትምህርት ቦርዶች የተለየ በጀት ይመድባል። በዚህ በጀት የተገዛ መሣሪያ ንብረትነቱ የቦርዱ ቢሆንም ተማሪውን ይከተላል፤ ልጁ ኦንታሪዮ ውስጥ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ወይም ወደ ሌላ ቦርድ ቢዛወር መሣሪያው በአብዛኛው አብሮት ይሄዳል። ቤት በመቀያየር ላይ ያሉ ቤተሰቦች ይህን ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል።

ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ ሲደረስ ሁኔታው ይለወጣል። የሁለተኛ ደረጃው ዕቅድ በራሱ አይተላለፍም፤ ተማሪው ራሱ ወደ ተቋሙ የተደራሽነት አገልግሎት ቢሮ ሄዶ መመዝገብና ማስረጃ ማቅረብ ይኖርበታል። ለመሣሪያና ለአገልግሎት የሚውል፣ በዓመት እስከ 20,000 የካናዳ ዶላር የሚደርስና የማይመለስ የፌዴራል ድጋፍ አለ። የመንግሥት የትምህርት ብድርና ድጋፍ ለማግኘት ብቁ መሆንን ይጠይቃል፤ ይህም ዜጎችን፣ ቋሚ ነዋሪዎችንና የስደተኝነት ጥበቃ ያገኙ ሰዎችን ያካትታል። በተማሪ ቪዛ የገቡ ግን አይካተቱም።

በሐበሻ ቤተሰቦች ዘንድ ከቅጹ ይልቅ የሚከብደው ጉዳይ አንዳንድ ጊዜ ሌላ ነው። ልጅ «ችግር አለበት» ተብሎ በወረቀት መመዝገቡ ወደፊት ያስነቅፈዋል የሚል ስጋት አለ። የልዩ ትምህርት ሰነዶች ግን በትምህርት ቤቱ በምስጢር የሚያዙ ናቸው፤ ለሥራ ቀጣሪም አይሰጡም።

አማርኛስ?

አማርኛ ለዚህ ቴክኖሎጂ ቀላል ቋንቋ አይደለም። አንድ ግስ አድራጊውን፣ ተደራጊውን፣ ጊዜውንና አሉታውን በአንድ ቃል ጠቅልሎ ስለሚይዝ የቃላቱ መልክ እጅግ ይበዛል፤ መዝገበ ቃላት ሁሉንም ሊይዛቸው አይችልም። ጽሕፈቱ መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ «ገና» ላልቶ ሲነገርና ጠብቆ ሲነገር ትርጉሙ ይለያያል፣ ፊደሉ ግን ያው ነው። በሌላ በኩል ሀ፣ ሐ እና ኀ በድምፅ አንድ ናቸው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። መሣሪያው «ሠርግ» ወይም «ሰርግ» ብሎ ይጻፍ ከድምፁ ሊያውቅ አይችልም። የማንበብና የመጻፍ ችግር ላለበት ተማሪ ይህ ምርጫ ከትከሻው ቢወርድለት ትልቅ እፎይታ ነው።

የጥናቱ ታሪክ ከሚታሰበው የቆየ ነው። በጀርመን ሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሰሎሞን ተፈራ አባተ፣ ቮልፍጋንግ ሜንትዘልና ባይሩ ታፍላ በ2005 ያቀረቡት የአማርኛ የድምፅ ስብስብ ከ100 ተናጋሪዎች የተገኘ የ20 ሰዓት ንባብ ይዟል። ማርታ ይፍሩ ታቸበሌ ደግሞ የቃላቱን ብዛት ችግር ቃሉን ወደ ምዕላዶቹ በመክፈል መፍታት እንደሚቻል አጥንተዋል። በነሐሴ 2017 ጉግል አማርኛን በድምፅ መጻፊያው ካካተታቸው 30 ተጨማሪ ቋንቋዎች አንዱ አደረገው፤ ከስዋሂሊ ጋር። ከዚያ ወዲህ አማርኛን የሚቀበሉ ፕሮግራሞች በዝተዋል። ጥራታቸው ግን ከእንግሊዝኛው ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ የሠለጠኑበት የአማርኛ ድምፅ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ በመሆኑ ነው።

ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ሲታሰብ በድምፁ አሰባሰብ ላይ አንድ ችግር አለ። እንደ 2005ቱ ያሉ ስብስቦች የሚዘጋጁት ለተናጋሪው የተጻፈ ዐረፍተ ነገር ሰጥቶ በማስነበብ ነው። ይህ አሠራር ፈጥኖ ማንበብን አስቀድሞ ስለሚጠይቅ፣ ዲስሌክሲያ ያለበት ወይም ዕድል አጥቶ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ከመጀመሪያው ውጭ ይቀራል።

ጋና ውስጥ የተሞከረው አካሄድ ከዚህ ይለያል። የጋና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአካን ቋንቋ የሚንተባተቡ፣ ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው፣ የላንቃ መሰንጠቅ ያለባቸውና ስትሮክ ንግግራቸውን ያወከባቸው ሰዎችን ድምፅ ሰብስበዋል። ወደ 50 ሰዓት የሚጠጋው ይህ ስብስብ ሲቀረጽ ለተናጋሪዎቹ የተሰጣቸው ጽሑፍ አልነበረም። ከአካባቢያቸው ሕይወት የተወሰዱ ሥዕሎች ቀርበውላቸው ያዩትን በራሳቸው ቃል እንዲናገሩ ተደርጓል።